የፖስተኛው እርምጃ

ልጅቷ በመጀመሪያው የሥራ ቀኗ የተሳሳተ በር ከፈተች።

ስቱዲዮው ከአንድ ጎሚስታ በላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ኮሪደሩ አራት በሮች አሉት፤ በአንደኛው ላይ «ፀጥታ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። እሷ ግን ከደስታዋ ብዛት ወረቀት የሚያይ ዐይን አልነበራትም። በሩን ገፋ አድርጋ ዘው አለች።

ክፍሉ ከቁም ሣጥን ብዙ አይበልጥም። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በብርድ ልብስ ተሸፍኗል። ወለሉ ላይ አንድ ወጣት በደረቱ ተኝቶ፣ ሁለት እጆቹን ሁለት አሮጌ ጫማዎች ውስጥ ከትቶ፣ ጠጠር የተሞላ ትሪ ላይ በእጁ ይራመዳል። አፍንጫው ሥር ማይክሮፎን ተተክሏል።

ቀና ብሎ አያት። አልተቆጣም። ጫማ ያጠለቀ አንድ እጁን ከፍ አድርጎ «ባለሽበት» የሚል ምልክት ብቻ ሰጣት።

እስትንፋሷን ውጣ ቆመች። ጫማዎቹ ጠጠሩን እየረገጡ ሄዱ፤ ቆሙ፤ እንደሚያመነታ ሰው ዞሩ፤ ተመለሱ። ዐይኗን ስትጨፍን አንድ ሙሉ ሰው በክፍሉ ውስጥ ሲንጎራደድ ታያት። በዚያ ጠዋት ደስታው ቁርስ አላስበላትም ነበርና፣ ልክ ጫማዎቹ ሲቆሙ ሆዷ ረጅም፣ ዜማ ያለው ድምፅ አሰማ።

ልጁ መቅጃውን አጠፋ።

«ሆድሽ ነው?»

«ይቅርታ። አበላሸሁብህ አይደል?»

«ኧረ ምን በወጣሽ። ለአንድ ማስታወቂያ የድብ ግልገል ድምፅ ስፈልግ ሁለት ሳምንቴ ነው።» ጫማዎቹን ከእጁ አወለቀና ፈገግ አለ። «ነገም ሳትበዪ ነይ።»

እንዲህ ተዋወቁ። ሰዎች እሱን ጆሮ ይሉታል። እሷን ደግሞ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁሉም አዲሷ አሏት፤ ሦስት ወር ብቻ የምትቆይ ተለማማጅ ስለነበረች ሌላ ስም ለማውጣት የተቸገረ አልነበረም።

አዲሷ አምስት ዓመት ሙሉ የተማረችው ፋርማሲ ነው። በምርቃቷ ማግስት ግን አባቷ ፊት ቁጭ ብላ፣ ከልጅነቷ ጀምሮ በደብተሯ ጠርዝ ላይ ስትሥል የኖረችውን ነገር አንድ ጊዜ በእውነተኛ ስቱዲዮ ልሞክረው ብላ ለመነች።

አባቷ የመኪና መንዳት አስተማሪ ናቸው። ተማሪ ግድግዳ ቢገጭ «አይዞህ፣ ግድግዳው ነው የመጣብህ» የሚሉ ትዕግሥተኛ ሰው ናቸው። ለገዛ ልጃቸው ሲሆን ግን ትዕግሥታቸው ያጥራል።

«ካርቱን ለመሣል አምስት ዓመት መድኃኒት ቤት ማጥናት ያስፈልግ ነበር?»

«ሦስት ወር ብቻ አባዬ።»

«ተዋት፣ ይውጣላት» አሉ እናቷ ከጓዳ።

በመጨረሻ ተስማሙ። ሦስት ወሩ ሲያልቅ ስቱዲዮው ካልቀጠራት፣ አክስቷ ወደሚኖሩበት ሌላ ከተማ ሄዳ በሆስፒታል ፋርማሲ ሥራ ትጀምራለች። ቦታው ተገኝቷል። አክስቷም ክፍል ሊያዘጋጁላት ቃል ገብተዋል።

ስቱዲዮው ውስጥ የሚሠሩት ሰዎች በጣት ይቆጠራሉ። ባለቤቷና ዋና ሠዓሊዋ እትዬ የሚባሉ፣ መነፅራቸውን እንደ ቀለበት የማይለዩ፣ ሙገሳን እንደ ጨው የሚቆጥቡ ሴት ናቸው። የጀርባ ሥዕሎቹን፣ ማለትም ቤቱን፣ ዛፉንና ሰማዩን የሚሠራው ወፍራም ወጣት ቀለሜ ይባላል፤ በትምህርት ሳይሆን በቀለም ብቻ የተሳካለት ስለሆነ። ድምፁን ሁሉ የሚሠራው ጆሮ ነው። በዚያ ወቅት የያዙት ሥራ የአሥራ አራት ደቂቃ የልጆች ፊልም ነበር። አንድ አረጋዊ ፖስተኛ ጡረታ በሚወጣበት ቀን የመጨረሻዋን ደብዳቤ በዳገታማ ከተማ አናት ላይ ላለች ቤት ሲያደርስ ያሳያል።

ለአንድ ሰከንድ አሥራ ሁለት ሥዕል ያስፈልጋል። ዋና ዋናዎቹን እትዬ ይሥላሉ፤ በመካከላቸው የሚገቡትን ደግሞ አዲሷ። የመጀመሪያ ሥራዋ ፖስተኛው ባርኔጣውን አንሥቶ ሰላምታ ሲሰጥ ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ አጎንብሳ ሣለች። ጨርሳ ቁልፉን ስትጫን፣ በእጇ የሠራችው፣ ስታጠፋውና ስታርመው የዋለችው እጅ ብድግ አለ። ባርኔጣው ተነሣ። አረጋዊው ሰላም አላት።

እንደገና ተጫነች። እንደገና። አርባ ጊዜ ያህል።

«ኧረ ተይው» አለ ቀለሜ ከኋላዋ። «ሰውዬው እጁ ዛለ።»

ያን ቀን ወደ ቤቷ ስትሄድ እግሯ መሬት አልነካም። ከሕንፃው በር ላይ ጆሮ ደረሰባትና ሁለቱም ወደ አንድ አውቶቡስ ማቆሚያ እንደሚሄዱ አወቁ። ስለ ባርኔጣው፣ ስለ እጁ፣ በሰባተኛው ሥዕል ላይ ስለተሳሳተችው አውራ ጣት እያወራች፣ እጇን እያወናጨፈች ትፈተለክ ጀመር። ማቆሚያው አጠገብ ስትደርስ ብቻዋን መሆኗን አየች።

ጆሮ ሃያ እርምጃ ያህል ኋላ ቀርቶ እየሳቀ ይመጣል።

በልጅነቱ ዳሌው ተሰብሮ ስላልተጠገነ ግራ እግሩ ከቀኙ አጭር ነው። ሲራመድ ትከሻው ዝቅ ከፍ ይላል። አዲሷ አስቀድማ አይታው ነበር፤ በወሬዋ መካከል ግን ጨርሶ ዘንግታዋለች። ፊቷ በሐፍረት ቀላ።

«ይቅርታ፣ እኔ እኮ...»

«ለምን ይቅርታ ትያለሽ?» አለ ትንፋሹን እየሰበሰበ። «ሰው ሁሉ ከእኔ ጋር ሲሄድ እንደ ቀብር ነው የሚራመደው። ጥሎኝ የሄደ ሰው ካየሁ ዘመን የለኝም። ደስ ብሎኛል።»

የእውነት ደስ ብሎት ነበር። ዐይኑ ውስጥ አየችው፤ ካየች በኋላም ዐይኗን ቶሎ መንቀል አቃታት።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ አብረው ወረዱ። በምሳ ሰዓትም ምሳዋን ይዛ ብርድ ልብስ ወደለበሰችው ክፍል መግባት ለመደች። ጆሮ የጆሮ ማዳመጫውን ያጠልቅላትና «ይኼ ምንድን ነው?» ይላታል። እሳት ስትል የሚጨማደድ ፌስታል ይሆናል። የወፍ ክንፍ ስትል የቆዳ ጓንት ይሆናል። ደረጃው ላይ ሰው ሲወጣ ደግሞ ሳያይ ይነግራታል።

«እትዬ ናቸው። አዲስ ጫማ አድርገዋል፤ ጠቧቸዋል። ዛሬ አትጠጊያቸው።»

እሷም ክትክት ብላ ትስቃለች። አንዳንዴ ሁለቱም ዝም ይላሉ። ያቺ ክፍል ከዓለም ክፍሎች ሁሉ ይልቅ ዝም ለማለት የተመቸች ነበረች። በዚያ ዝምታ ውስጥ አዲሷ የራሷን ልብ ምት ትሰማና፣ ይኼ ሰው ጆሮው እንደሚባለው ከሆነ እሱም ይሰማው ይሆናል ብላ ትፈራለች።

በሁለተኛው ወር አጋማሽ ላይ እትዬ ትልቁን ትዕይንት ሰጧት። ፖስተኛው ከከተማው ታች ተነሥቶ ዳገቱን ሲወጣ፣ አርባ ሰከንድ፣ ብቻውን፣ ያለ ንግግር። ዋና ሥዕሎቹንም ጭምር እሷው ትሥላለች። ለተለማማጅ እንዲህ ያለ ሥራ ተሰጥቶ አያውቅም።

«ይኼን ካስተካከልሽ» አሉ እትዬ፣ «ስለ ሥራ ቁጭ ብለን እንነጋገራለን።»

አዲሷ ክንፍ አውጥታ ጀመረች። በሳምንቱ መጨረሻ ያሳየቻቸውን ግን እትዬ ሁለት ጊዜ አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ይኼ ሰውዬ እየሄደ አይደለም፤ ሰው እየገፋው ነው። አርባ ዓመት ደብዳቤ አመላልሷል። አርባ ዓመቱ የት አለ? ሰው ዕድሜውን የሚሸከመው በእግሩ ነው።»

ተስፋ ቆርጣ የግል ደብተሯን ገለጠች። ደብተሩ ውስጥ አውቶቡስ የሚጠብቁ ሰዎች፣ የጎሚስታው ሠራተኛ፣ የእናቷ እጆች አሉ። ከመካከሉ ጀምሮ ግን ሌላ ሰው የለም። ገጽ በገጽ አንድ ሰው ብቻ ነው። ሲሄድ። ሲቆም። ዞር ብሎ ሲያይ። ትከሻው ዝቅ ሲል። መቼ ይህን ያህል እንደሣለችው ራሷም አላወቀችም።

እርሳሷን አነሣች። ፖስተኛውን ያንን እርምጃ ሰጠችው። በአንዴ ሰውዬው ነፍስ ዘራ። ዳገቱ ከበደው፣ ቦርሳው ከበደው፣ ግን የሚሄድበትን ያውቃል። አዲሷ መብላትና መጠጣት ረሳች። አራት መቶ ሰማንያ ሥዕል። ስታበቃ ዕንባዋ መጣ፤ የደስታ ዕንባ ነበር። እሱን ልጠይቀው ይሆን የሚል ሐሳብ አንድም ጊዜ ብልጭ አላለላትም።

ሰኞ ጠዋት ሁሉም በትልቁ ስክሪን ፊት ተሰበሰቡ። ጆሮም የእግሩን ድምፅ ስለሚሠራ ማስታወሻ ይዞ ከፊት ተቀመጠ። ፖስተኛው ዳገቱን መውጣት ጀመረ። እትዬ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ።

«ቆይ» አለ ቀለሜ እየሳቀ። «ጆሮ፣ ይኼ አንተ አይደለህም እንዴ?»

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ክፋት የሌለው፣ ነገሩ ስለተመሳሰለ ብቻ የሚመጣ ሳቅ ነበር። ከዚያ ሁሉም የጆሮን ፊት አዩና ሳቁ ተቆረጠ።

ጆሮ አርባው ሰከንድ እስኪያልቅ ተቀመጠ። ማስታወሻውን ዘጋ። «በጣም ጥሩ ሥዕል ነው» ብሎ ወጣ።

ደረጃው ላይ ደረሰችበት።

«ጆሮ፣ ቆይ። ላፌዝብህ አይደለም።»

«አውቃለሁ።» ቆመ እንጂ አልዞረም። «ብታፌዢ ይሻለኝ ነበር። ፌዝ ለምጄዋለሁ። ልጅ ሆኜ ከኋላዬ እያነከሱ የሚከተሉኝ ነበሩ፤ ዞር ስል ይሮጣሉ። ከአንቺ ጋር ግን የምናወራ መስሎኝ ነበር። ለካ እርምጃዬን እየቆጠርሽ ነው።»

«እየቆጠርኩ አልነበረም።»

«ስንት ሥዕል ነው?»

መዋሸት የማታውቅ ልጅ ናት። «አራት መቶ ሰማንያ።»

«በአራት መቶ ሰማንያው መካከል» አለ ቀስ ብሎ፣ «አንድ ጊዜ እንኳ 'ልጠይቀው' አላልሽም?»

«መጠየቅ ነበረብኝ።»

«ነበረብሽ።»

ወረደ። እርምጃው እንዳይሰማ በሁለት እጁ የደረጃውን ብረት ተደግፎ፣ እግሩን እያንሳፈፈ ወረደ። አዲሷን ያስለቀሳት ያ ነው።

ፊቷን ታጥባ ወደ እትዬ ገባች።

«ትዕይንቱን አውጥቼ እንደገና ልሥራው።»

እትዬ ቀና አሉ። «ለማስረከብ ዘጠኝ የሥራ ቀን ነው የቀረን። ከዚህ የተሻለ ትሠሪያለሽ?»

«አልሠራም።»

«ልቀጥርሽ ያሰብኩት በዚህ እኮ ነው።»

«ገብቶኛል እትዬ። ግን የኔ አይደለም፤ ሳልጠይቅ የወሰድኩት ነው።»

እትዬ መነፅራቸውን አወለቁ። መነፅር ሲያወልቁ አይታ አታውቅም። «ሃያ ዓመት ስሠራ ደህና ሥራዋን በገዛ እጇ የምታፈርስ ተለማማጅ አልገጠመችኝም። ሞኝነት ይሁን ጨዋነት ገና አልለየሁትም። በይ ሥሪ።»

ሥራው ተጀመረ። ማንም ሰው የሚሄደውን፣ የማንም ያልሆነ አካሄድ። ጆሮ በማግስቱ ወደ ሥራው ተመለሰ፤ ኮሪደሩ ላይ ሲተላለፉ «እንደምን አደርሽ» ይላታል፣ «እግዚአብሔር ይመስገን» ትለዋለች፣ በሩ ይዘጋል። ምሳዋን ጠረጴዛዋ ላይ መብላት ጀመረች። አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ ያለው መንገድ፣ ያ በወሬ መሃል ሳታየው የሚያልቅ መንገድ፣ እንዲህ ረጅም መሆኑን ያን ጊዜ አወቀች።

ቤትም የባሰ ነበር። «የአክስትሽ ክፍል ቀለም ተቀብቷል» አሉ አባቷ ራት ላይ፣ ደስ ያሰኟት መስሏቸው። «መስኮቱም ሰፊ ነው አሉ።»

«ጥሩ ነው አባዬ» አለች። የጎረሰችው ምን እንደሆነ አላወቀችም።

ቀለሜ ደግሞ ከዚያ ሰኞ ጀምሮ ጥፋቱ ሲከነክነው ሰንብቶ፣ በሦስተኛው ቀን «ፀጥታ» የሚለውን በር አንኳኳ።

«ባለጌው እኔ ነኝ» አለው ለጆሮ። «እሷ ምን አጠፋች? ትዕይንቱን እያፈረሰችው ነው፤ ታውቃለህ? እትዬ ሊቀጥሯት ነበር። አሁን ወደ መድኃኒቷ ልትሄድ ነው።»

ጆሮ አያውቅም ነበር። እትዬን ለምኖ የመጀመሪያውን ሥራ ብቻውን አየው። ጠዋት ገብቶ እስከ ምሳ ሰዓት አልወጣም።

ከምሳ በኋላ አዲሷ አጎንብሳ ስትሥል የምታውቀው እርምጃ ከኋላዋ መጥቶ ቆመ። ዞር ለማለት አቅም አነሳት።

«ተሳስተሻል» አላት።

«አውቃለሁ። ይቅርታ ጠይቄህ አልጠገብኩም፤ አሁንም...»

«እሱን አይደለም። እግሩን ነው የምልሽ። ክብደቱን የጣልሽው ግራው ላይ ነው።»

ዞረች። ፊቱ ላይ ቁጣ የለም፤ ሥራ ያየ ሰው ፊት ነው።

«ሠላሳ ጊዜ አየሁት። የሆነ ነገር አልጥም አለኝ፣ በኋላ ገባኝ። ሰው ሁሉ የሚያየው የታመመውን እግር ነው። ሥራውን የሚሠራው ግን ቀኙ ነው። የሚሸከመው ቀኙ፣ የሚቸኩለው ቀኙ። ግራው እንግዳ ነው፤ ሲመቸው ይመጣል።»

በሦስት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅ አመለጣት። «አሳየኝ» አለችና ወዲያው ምላሷን ነከሰች። «ማለቴ፣ ፈቃድህ ከሆነ።»

«ለሱ አይደል የመጣሁት።»

ወደ ኮሪደሩ ወጡ። አዲሷ ደብተሯን ይዛ ግድግዳ ተደግፋ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ጆሮ ከኮሪደሩ ጫፍ ቆመ። በዕድሜው ሙሉ ሰው ሲያየው እርምጃውን ሲያሳጥር፣ ቆም ሲል፣ ጫማውን የሚያስር ሲመስል የኖረ ሰው ነው። አሁን ትንፋሹን ሳበና እሷ እያየችው መጣ። ደረሰ። ዞረ። ሄደ። ከሦስቱ በሮች በስተጀርባ ሰው ሁሉ ሥራ የያዘ ለመምሰል ጉሮሮውን ያጸዳል።

በአምስተኛው ምልልስ ትከሻው ተፈታ። በስምንተኛው እያወራት መሄድ ጀመረ። እሷም ዐይኗን ከእሱ ሳትነቅል እጇ ብቻውን ይሥላል። ቀኙ ሲያርፍ መላ ሰውነቱ አብሮ ሲያርፍ፣ ግራው ደግሞ ቀለል ብሎ ሲከተል አየች። ከዚህ በፊት አንካሳነቱን ነበር የሣለችው። አሁን አካሄዱን አየች።

ፊት ለፊቷ መጥቶ ቆመ። ላብ ግንባሩ ላይ ይታያል።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ለምን እኔን? ከተማው ሙሉ ሰው ይሄዳል።»

እርሳሷን በጣቶቿ መካከል አሽከረከረች። «ሌላ ሰው ሲሄድ አይታየኝም» አለች።

ጆሮ ግድግዳውን ተደግፎ ቀስ እያለ ወረደና አጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ትከሻዋ ትከሻውን ነካው።

«ይኼን ያኔ ደረጃው ላይ ብትነግሪኝ ምን ነበር?»

«ደረጃው ላይ የጠየቅኸኝ የሥዕሉን ቁጥር ነው።»

ሳቀ። እጁን ዘረጋ፤ በእርሳስ የጠቆረ እጇን ያዘ። ከበሩ ጀርባ የሆነ ነገር ተንኳኳ፤ ቀለሜ ከወንበሩ ወድቆ ነበር።

የቀሩት ስድስት ቀናት እንደ ስድስት ሰዓት አለፉ። ፖስተኛው በአዲስ እርምጃ፣ በቀኙ እየሠራ ዳገቱን ወጣ። እሷ ትሥላለች፣ ጆሮ አጠገቧ ሆኖ «እዚህ ጋ ትንሽ ይዘግይ» ይላል፣ ቀለሜ የሰፈሩን ቤቶች አንድ በአንድ ያቀልማል፣ እትዬ በሩ ላይ ቆመው አይተው ምንም ሳይሉ ይመለሳሉ። ሙገሳ የሚቆጥብ ሰው ምንም ካላለ ትልቅ ነገር ነው።

በመጨረሻው ቀን የእግሩ ድምፅ ተቀዳ። ጆሮ ሁልጊዜ የሰውን ሁሉ እርምጃ የሚሠራው በደረቱ ተኝቶ፣ ጫማ በእጁ አጥልቆ ነው። የራሱ እግር ለማንም ገጸ ባሕሪ አይሆንም ብሎ ያምን ነበር። ያን ቀን ጫማዎቹን በእጁ ሳይሆን በእግሩ አጠለቃቸውና ጠጠሩ ላይ ቆመ። አዲሷ ጥግ ላይ እስትንፋሷን ውጣ ታያለች። ስክሪኑ ላይ ፖስተኛው ተራመደ፤ ጆሮም ተራመደ። ጠብ፣ ሸር። ጠብ፣ ሸር። በአንድ ጊዜ ተሳካ። መድገም አላስፈለገም።

ፊልሙ በአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ለልጆችና ለቤተሰቦቻቸው ታየ። ከአንድ የቴሌቪዥን ጣቢያም ሁለት ሰዎች መጥተው ነበር። የአዲሷ እናት ገና መብራቱ ሳይጠፋ መሐረብ አወጡ። አባቷ ከረባት አድርገው፣ እጃቸውን አጣምረው፣ ፈተና እንደሚፈትን ሰው ተቀመጡ።

ፖስተኛው ዳገቱን መውጣት ሲጀምር አዳራሹ ውስጥ ያለ ሕፃን ሁሉ ዝም አለ። አባቷ ወደ ፊት ጎንበስ አሉ። ሠላሳ ዓመት የሰው እግር ፔዳል ላይ ሲያዩ የኖሩ ሰው ናቸው።

«የሚሠራው ቀኝ እግሩ ነው» አሉ በሹክሹክታ። «ሰው አያስተውለውም። ማን ነው ይኼን የሣለው?»

«እኔ ነኝ አባዬ።»

አባቷ ዞረው አዩዋት፣ ብዙ አዩዋት፤ ከዚያ ወደ ስክሪኑ ተመለሱ። ያጣመሩት እጃቸው ተፈቷል።

ሲያልቅ ልጆቹ እንደገና ይታይ ብለው ወንበር ደበደቡ። የቴሌቪዥን ጣቢያው ሰዎች እትዬን ጥግ ይዘው ቆሙ፤ ፖስተኛው የአሥራ ሦስት ክፍል ተከታታይ ሊሆን ነው። እትዬ በአዲሷ አጠገብ ሲያልፉ «ሰኞ አትዘግዪ፤ ሥራ በዝቶብናል» ብለው አለፉ። መቀጠሯን የሰማችው በዚህ ነው።

በዚህ መካከል ጆሮ በሰዎች መካከል ወደ እነሱ ይመጣል። አባቷ እርምጃውን አዩ። ስክሪኑን አዩ። ልጃቸውን አዩ።

«ይኼ ነው?»

«ይኼ ነው አባዬ።»

«ፖስተኛውን ማለቴ ነው።»

«እኔ ግን ሌላም ማለቴ ነው።»

አባቷ ከረባታቸውን አስተካከሉ። ጆሮ ደረሰና ለሰላምታ ዝቅ አለ። እሳቸው ግን እጁን ጨብጠው እንደያዙ እግሩን አዩ፤ አዲሷ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች።

«ቀኙ ጤነኛ ነው አይደል?»

«ጤነኛ ነው ጋሼ።»

«መንዳት ትችላለህ?»

«አልሞከርኩም። በግራ እግር የሚረገጥ ክላች አለ ሲሉኝ ተውኩት።»

«ክላች የሌላት መኪና አለችኝ። ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ና። አትዘግይ።»

በዚያው ምሽት ለአክስቷ ራሳቸው ደወሉ። «ልጅቷ ሥራ ይዛለች፤ ክፍሉን አከራዪው» ሲሉ አዲሷ በግድግዳው በኩል ሰማች።

ጆሮ ቅዳሜ በሦስት ሰዓት ሄደ፤ በሚቀጥለውም፣ በሚቀጥለውም። አዲሷ ከኋላ ትቀመጣለች። አባቷ ከእሱ ጋር የማያልቅ ትዕግሥት ነበራቸው። አንድ ቀን የቆመ ጋሪ ገጭቶ ደንግጦ ሲያያቸው «አይዞህ፣ ጋሪው ነው የመጣብህ» አሉት።

ዓመት ሊሞላ ሲል፣ በአንድ ፀሐያማ ቅዳሜ፣ ቀይ መብራት ላይ ቆመው ሳለ ጆሮ ዐይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል ተናገረ።

«ጋሼ፣ ልጅዎን ማግባት እፈልጋለሁ።»

አባቷ ወደ መብራቱ ጠቆሙ።

«አረንጓዴ በርቷል» አሉ አባቷ። «ንዳ።»

ነዳ። ሁለት መንገድ አቋረጡ።

«እሷን ጠይቀሃታል?»

«ትናንት ጠየቅኳት።»

«ምን አለች?»

«እሺ ብያለሁ» አለች አዲሷ ከኋላ።

«ቀኝ ያዝ» አሉ አባቷ። «ምልክት አሳይ። መስታወት እይ። ቁም።»

ጆሮ እንደታዘዘው ዳር ይዞ ቆመ። አባቷ በሩን ከፍተው ወረዱ፤ ጀርባቸውን ሰጥተው መንገዱን ሲያዩ ጥቂት ቆዩ፤ አንድ ጊዜ በእጃቸው ጀርባ ፊታቸውን ጠረጉ። ተመልሰው የኋላውን በር ከፈቱ።

የማስተማሪያ መኪና ሁለት ፍሬን አላት፤ አንዱ ከነጂው እግር ሥር፣ ሌላው ከአስተማሪው እግር ሥር። በዚያች መኪና ውስጥ ከአባቷ በስተቀር ማንም ሰው የአስተማሪው ወንበር ላይ ተቀምጦ አያውቅም፤ እናቷም ብትሆን።

«ውረጂ» አሏት። «አንቺ ከፊት ግቢ።»

አዲሷ ወርዳ ከጆሮ አጠገብ ተቀመጠች። አባቷ ከኋላ ገብተው በሩን ዘጉ፤ እንደ ተሳፋሪ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

«እንሂድ» አሉ። «እናትሽ ትጠብቃለች።»